ከአልጋ እስከ በር

ታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጃንሜዳ አንድ ሰዓት ያህል ሮጬ በደህና ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ግራ እግሬ እምቢ አለኝ። አልወደቅሁም፣ እግሬም አልተጠማዘዘም፤ ነገር ግን ከተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ደርቆ እንደ ሰነበተ ጠፍር ተገትሯል። ግድግዳ ይዤ አነከስሁ። ከአልጋዬ እስከ ሳሎኑ በር 18 እርምጃ ነው፤ በሩ ጋ ስደርስ ሕመሙ ላላ አለልኝ። በመላላቱም ናቅሁት። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዕድሜዬ 41 ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ለዓመታት ሳልሮጥ ቆይቼ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከዜሮ ተነስቼ 10 ኪሎ ሜትር ልደርስ ስጣደፍ ነበር። ሳንባዬ ለመደ፤ የባቴ ጡንቻም ለመደ፤ ጅማቱ ግን ከሁሉም ኋላ የሚደርስ ነው። ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሩጫው ዕለት መስቀል አደባባይ አልተገኘሁም፤ በቴሌቪዥን ተመለከትሁ።

እናቴ «ቋንጃህ ዞሮብሃል ልጄ፤ ወጌሻ ይየው» አለችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አጥብቆ አሸኝ፤ በማግሥቱ ጅማቱ አበጠ። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁና ሙያውን አልንቅም፤ የእኔ ሕመም ግን የሚመለስ ነገር አልነበረውም። ከዚያ የሄድሁበት ክሊኒክ ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ «አንድ ወር ዕረፍ» ብሎ ሸኘኝ። አረፍሁ፤ ሕመሙም ጠፋ። ወሩ ባለቀ በሳምንቱ የኮንዶሚኒየማችን ውሃ ተቋረጠና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በነጋታው ጠዋት 18ቱ እርምጃዎች አልበቁኝም፤ በሩን አልፌ ኮሪደሩ ላይም አነክስ ነበር። ያ ወር ሕመሙን አስተኛው እንጂ ጅማቱን አላጠነከረልኝም፤ እንዲያውም የነበረውን ጥንካሬ ቀነሰበት።

ጥር ላይ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መራኝ። እጇን እግሬ ላይ ከማሳረፏ በፊት ለረጅም ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ምን ዓይነት ጫማ እንደማደርግ፣ ስንት ደረጃ እንደምወጣ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድሁ። መስከረም ላይ ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር። መንስኤው ይህ ነው ብላ አልደመደመችም፤ ነገር ግን የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ጅማትን እንደሚጎዱ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2008 እጅግ ጠንካራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ በመግለጫ ወረቀታቸው ላይ እንዲጻፍ ማዘዙን ነገረችኝ። በየፋርማሲው እንደ ዋዛ የሚሸጥ መድኃኒት ነውና ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

ከዚያ ጅማቱን በሁለት ጣቶቿ መካከል ይዛ ቀስ እያለች ጫን አለችው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጥርሴን ነከስሁ። «የአኪለስ ጅማት ነው ጋሼ፤ አልተበጠሰም። አሁን በአንድ እግርዎ ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉልኝ» አለችኝ። በቀኙ 24 ጊዜ ተነሳሁ። በግራው ስድስት፤ ስድስተኛውን ባቴ እየተንቀጠቀጠ። በ24 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት ለሒሳብ መምህር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጅማት የደም ሥር ጥቂት ስለሆነ ጥገናው ከጡንቻ ይልቅ ዝግ ያለ መሆኑን፣ የሚበረታውም በልኩ ሲጫንበት መሆኑን አስረዳችኝ። መጀመሪያ ያዘዘችልኝ ተረከዜን አንስቼ 45 ሴኮንድ ሳልንቀሳቀስ መቆም ነበር፤ አምስት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ደረጃ ተሸጋገርሁ። የእግሬን ፊት ብቻ ደረጃው ጠርዝ ላይ አድርጌ በሁለቱም እግሮቼ እነሳለሁ፤ ከዚያ ሙሉ ክብደቴን በታመመው ላይ አሳርፌ ተረከዜን ከደረጃው በታች ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጉልበት አጠፍ ብሎም እንዲሁ፤ ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ይሆናል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1998 ለዓለም ያስተዋወቀው ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱ ራሱ የዚሁ ጅማት ታማሚ ነበር። ሕመሙ ተረከዙ አጥንት ላይ ለሆነ ሰው ግን ከደረጃ በታች መውረድ ይጎዳል፤ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የእኔን አይታችሁ ሳትመረመሩ አትጀምሩ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የሕመም ልክ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ስቆጥር እስከ አምስት ቢያመኝ እንድቀጥል ፈቀደችልኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። የተማሪ ደብተር ገዛሁና በየጠዋቱ ከአልጋ እስከ በር ስንቱን እርምጃ እንዳነከስሁ መጻፍ ጀመርሁ። 18፣ 18፣ 15፣ 17፣ 14። ያለ ደብተሩ በአራተኛው ሳምንት ባቆምሁ ነበር፤ ምክንያቱም ለውጡ በስሜት አይታወቅም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ያለው ደረጃ የእኔ ጂም ሆነ። የብረት መደገፊያውን በሁለት ጣት ብቻ እነካለሁ። ጀርባዬ ላይ ባለው ቦርሳ መጀመሪያ ሁለት ሊትር ውሃ ያዝሁ፣ ከዚያ መጻሕፍት ጨመርሁ፣ በመጨረሻም 12 ኪሎ ደረስሁ። ጎረቤቶቼ እየወጡና እየወረዱ «አይዞህ» ይሉኝ ነበር፤ ያ «አይዞህ» ምን ያህል እንዳቆመኝ እነርሱ አያውቁም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ፈተና መጣ። ስግደት ቁርጭምጭሚትን እስከ መጨረሻው ያጥፋል፤ ተነስቶ መውረዱም ጅማቱን ይስበዋል። አንድ ዓርብ ልቤ አልችል ብሎ ከሰው እኩል ሰገድሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩ ላይ 18 ተጻፈ። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኋቸው። «በጉልበትህ ተንበርክከህ ጸልይ፤ እግርህ ሲድን ትሰግዳለህ» አሉኝ። ከፊዚዮቴራፒስቷ ምክር ጋር አንድ ሆኖ ሳገኘው ዕንባዬ መጣ።

ተስፋ ሲቆርጠኝ ኃይሌ ገብረሥላሴን አስብ ነበር። በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ይኸው ጅማት ሲያሠቃየው ነበር፤ ከኦሎምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በአቴንስም ዳግም እያመመው አምስተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሮጠ። እኔ እንደ እርሱ አልሮጥም፤ ነገር ግን የዚህ ጅማት ነገር በአንድ ወቅት እንደማያበቃ ከእርሱ ተረድቻለሁ።

ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ በግራ እግሬ 21 ጊዜ ተነሳሁ። ሩጫውን አንድ ደቂቃ በመሮጥና ሁለት ደቂቃ በመራመድ፣ በጃንሜዳ ሣር ላይ፣ ቀን እየዘለልሁ ጀመርሁ። ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ጨረስሁ።

ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ቦርሳዬን አዝዬ ደረጃው ላይ እቆማለሁ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ተረከዛቸውን ጠዋት ጠዋት ስለሚያማቸው አጠገቤ ቆመው «እኔም ልሞክረው?» አሉኝ። የእርሳቸው ከውስጥ እግር ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሕክምና ይፈልግ ይሆናል አልኋቸው፤ ሰኞ ከእኔ ጋር ወደ ባለሙያዋ ይሄዳሉ።