ቅናሹ ከማን ኪስ ይወጣል?

ቦርሳ እየሰፋሁ መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን ዋጋ የምተምነው በግምት ነበር። ሌሎች ሻጮች የሚጠሩትን እሰማና ከዚያ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ደንበኛ ሲከራከረኝ ደግሞ እንደገና እቀንሳለሁ። ዕቃው ይሸጥልኛል፤ ነገር ግን ቆዳና ክር ለመግዛት ስነሣ እጄ ላይ ገንዘብ አይገኝም። ምክንያቱ የገባኝ ደብተር ይዤ ሒሳቡን በወጉ መሥራት ስጀምር ነው።

ወጪ ብዬ እቆጥር የነበረው ቆዳውን፣ ገበሩን፣ ክሩንና ዚፑን ብቻ ነበር። ተቆርጦ የሚጣለው ቁርጥራጭ፣ የሚሰበረው መርፌ፣ መጠቅለያው፣ መጓጓዣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሴ ጉልበት ከሒሳቡ ውጭ ነበሩ። እነዚህን ስደምር፣ አተረፍኩበት ካልኩት ዕቃ አንዳንዱ በዋናው እንኳን እንዳልተሸጠ ታየኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ የመቶኛ ነው። ሙሉ ወጪው 100 በሆነ ቦርሳ ላይ 25 ጨምሬ በ125 ስሸጥ፣ ትርፌ 25 በመቶ ነው ብዬ አምን ነበር። ከወጪው አንጻር ልክ ነው፤ ከመሸጫው ዋጋ አንጻር ግን 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ቅናሽ ደግሞ የሚጠየቀው ከመሸጫው ላይ ነው። ስለዚህ ደንበኛው «አሥር በመቶ ብቻ ቀንሺልኝ» ሲለኝ የሚሄደው 12 ተኩል፣ ማለትም የትርፌ እኩሌታ ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ሁለት እጥፍ ቦርሳ መስፋትና መሸጥ ይኖርብኛል ማለት ነው።

ክርክሩን በተመለከተ ያስተማሩኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ ደንበኛ ናቸው። ቦርሳውን አንሥተው ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ «የመጨረሻው ስንት ነው፣ ልጄ?» ብለው ዝም አሉ። ዝምታው ከበደኝና ቀነስኩ። አሁንም ዝም ሲሉ አሁንም ቀነስኩ። በሦስተኛው ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ መጀመሪያ የጠራሽው ምን ነበር?» አሉኝ፤ ቦርሳውን በቀስታ አስቀምጠውም ሄዱ። ለካ ስቀንስላቸው የነበረው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን እምነታቸውንም ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ዋጋ አስወድዶ ጠርቶ መውረድንም ሞክሬዋለሁ። ዘዴው መሠረት የለውም አልልም፤ ቀድሞ የተሰማ ቁጥር ግምታችንን ወደ ራሱ እንደሚስብ ትቨርስኪና ካኔማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ አሳይተዋል። እኔን ያስተወኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መከራከር የሚያፍረው ሰው ሙሉውን ሲከፍል፣ አንደበቱ የተባው ያንኑ ቦርሳ በርካሽ ይወስዳል። ይህ ለእኔ አልዋጥ አለኝ።

አሁን ከዚህ በታች አልወርድም የምለውን ዋጋ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በደብተሬ እጽፋለሁ። የምቀንሰውም በምትኩ የማገኘው ነገር ካለ ነው፤ ሁለት ቦርሳ ለሚወስድ፣ ቀድሞ ለሚከፍል፣ ወይም የውስጥ ኪሱ ይቅርብኝ ለሚል። ከዚህ ውጭ «አያዋጣኝም» ብዬ ዝም እላለሁ፤ ዝምታውን መቻል ከሒሳቡ ይልቅ ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል። ልቡ ቦርሳው ላይ ቀርቶ ለሚያመነታ ሰው ግን ድሮ እጥለው ከነበረው ቁርጥራጭ የሰፋሁትን የሳንቲም መያዣ እመርቅለታለሁ፤ ዋጋው እንዳለ ሆኖ።