የእማዬ ስልክና ፉጨቷ

እማዬ ጋላክሲ ኤስ5ቷን መሳቢያ ውስጥ ከወረወረችው ቆየች። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ስልክ ነው። ሳምሰንግ አንድሮይድ 6 ላይ ትቶታል። ያልጠየቀቻቸው አፖች ሞልተውት ፎቶ ባነሳች ቁጥር "ቦታ የለም" ይላት ነበር። ባትሪው ግን ይወለቃል። በዚህ የዛሬዎቹ ስልኮች ይቅኑበት።

ቅዳሜ ሊኒየጅ ኦኤስ 18.1 ልጭንበት ተነሳሁ። የሳምሰንግን ሲስተም የሚተካ የስልክ ሲስተም ነው፦ ነፃ፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት)፣ በአንድሮይድ 11 ላይ የተሠራ፤ ጎግል የለበትም። ፎቶዎቿን መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩ። ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ይህን የረሳ ከእናቱ ጋር ይጣላል። ፋይሉን አውርጄ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሲመጣ ቀጠልኩ።

ድምፅ መቀነሻውን፣ ሆሙንና ማብሪያውን አንድ ላይ ተጭኜ ዳውንሎድ ሞድ ገባሁ፤ ስልኩ ከኮምፒውተር ሲስተም የሚቀበልበት ነው። ሄይምዳል በሚባለው ፕሮግራም አዲሱን ሪከቨሪ፣ ማለትም ሊኒየጅን የሚያስገባልኝን ትንሽ ሲስተም፣ ከላፕቶፔ ላክሁ። 100 ፐርሰንት ሞላ፣ ስልኩ ተነሳ፣ የሳምሰንግ አርማ መጣ። ገብቼ ሳይ የድሮው ሪከቨሪ ቁጭ ብሏል። ደገምኩ፤ ያው ነው። ለካ ስልኩ በራሱ ሲነሳ የጫንኩትን ይሽርብኛል። በሦስተኛው ሪስታርት እንዳያደርግ አዘዝኩት። ልኮ እንደጨረሰ ክዳኑን በጥፍሬ ፈልቅቄ ባትሪውን መዘዝኩት። መልሼ ከተትኩት፤ ድምፅ መጨመሪያ፣ ሆም፣ ማብሪያ። መጣልኝ! በእሱ በኩል ስልኩን አጽድቼ ሊኒየጅን ላክሁበት፤ የቀረው ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ነው።

በፕሌይ ስቶር ፋንታ ኤፍ-ድሮይድን ጫንኩ። ለአማርኛ ኪቦርድ ኪማንን። ኒውፓይፕ የዩቲዩብ መዝሙሯን ስክሪኑ ጠፍቶም ያለ ማስታወቂያ ያጫውትላታል። እኔ የወደድኩት ግን ኦርጋኒክ ማፕስን ነው። የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዱት ያለ ዳታ ይሠራል። መረጃው ሰው ሁሉ በጋራ ከሚሠራው ከኦፕንስትሪትማፕ ስለሆነ ማንም ያርመዋል። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት አልነበረበትም፤ ራሴ አስገባሁት። እማዬን ባሳያት "ወፍጮ ቤቱ ጠፍቶኝ ያውቃል እንዴ?" አለችኝ።

የባንኳ አፕ እምቢ አለ። የተነካካ ስልክ አላምንም ባይ ነው። ለእኔ ስልክ ቢሆን እናደድ ነበር። እሷ ድሮም ቴሌብርን በ*127# ነው የምትጠቀመው፤ ምንም አልጎደለባትም።

ሰኞ ጠዋት ሰጠኋት። አገላበጠችውና "ፈጥኗል" አለች። ወዲያው ከአክስቴ መልእክት ገባ። ስልኩ ጠብ የምትል ድምፅ አሰማ። እማዬ ቀና አለች።

"አንተ፣ ፉጨቷስ?"

ያቺ የሳምሰንግ ፉጨት! እሷ የሳምሰንግ ንብረት ስለሆነች ከሳምሰንግ ጋር ሄዳለች ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

"ስልኩስ የማን ነው?"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ፉጨት እየፈለግኩ ነው።