ዳማ ምሳውን ሠርቶ መብላት ጀመረ

ነገሩ የጀመረው በጎመን ነው። እናቴ ጓሮ ያሳደገቻትን አንዲት መደብ ጎመን ውሻችን ዳማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆፈራት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ መጥረጊያ እንደያዘች በር ላይ ጠበቀችኝ። «ወይ ይታሰር፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ጎመን አንተ ግዛ!» ክሱ ይህ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት «ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ነው የዋለው» ይላል፤ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ እየጎተተ ያወርዳል፤ የግራ እግር ጫማዬን ያኝካል። ሁልጊዜ የግራውን። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ዳማ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ከቀለሙ ነው። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሐይቁ ይዤው ወርጄ እመለሳለሁ፤ ግቢ ውስጥም ቀንም ማታም ልቅ ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ተከትቧል። ችግሩ የሆድም የእግርም እንዳልሆነ ገብቶኛል። እኔ 2 ሰዓት ወጥቼ 11 ሰዓት ተኩል ስመለስ፣ መሃል ያሉትን ሰዓታት ምን ይሥራባቸው? ምግቡን በሳህን ስሰጠው በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ልሶ እስኪጨርስ 50 ሰከንድ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ባዶ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ የእኛው መነኩሴ ጎመን ይቆፍራል።

ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሳህኑን አነሳሁና ምግቡን ፈልጎና ፈልቅቆ እንዲበላ ማድረግ ጀመርኩ። አሥር ሳምንት ሆነኝ። የሠራውንም ያልሠራውንም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በመጫወቻው ሳይሆን በምግቡ ነው። በቪዲዮ የምናያቸው የውጭ መጫወቻዎች የተሠሩት በአብዛኛው ለደረቅ የከረጢት ምግብ ነው። የእኛ ውሾች የሚበሉት ደግሞ ቅንጬ ወይም ሩዝ በተቀቀለ ሳምባ፤ እርጥብ ነገር። ያንን ፕላስቲክ ውስጥ ብትጨምሩት አይወጣም፣ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ በማግሥቱ ይሸታል፣ ጉንዳን ይሰለፍበታል። ያዳነኝ ድርቆሽ ነው። ምንም ያልነካውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አድርቄ በጥፍር መጠን እሰባብረዋለሁ። ሳምባውን ደግሞ በደንብ ከቀቀልኩ በኋላ በትንንሹ ከትፌ በብረት ምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት አደርቀዋለሁ። ሁለቱ ሲደባለቁ ይንሸራተታሉ፣ ይንኮሻኮሻሉ፣ ለሳምንት ይቆያሉ።

«በደንብ» ያልኩትን እዩልኝ። ከሉካንዳ የሚመጣ ጥሬ ሳምባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያንን የበላ ውሻ የጥገኛ ትል ይይዘውና እንቁላሉን ከሰገራው ጋር ይበትናል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚሻገረው በዚያ በኩል ነው። ጥሬውን ለውሻ መወርወር በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። ወጥ የነካው ፍትፍትም አይገባም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ። ዘቢብም ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። «የእኛ ውሾች ወጥ ሲበሉ ነው የኖሩት» የሚለውን ክርክር ከእናቴ ጋር ሦስት ጊዜ ተከራክሬ ሦስቱንም ተረትቻለሁ፤ ግን የዳማን ምግብ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ደግሞም መጫወቻ ውስጥ የገባው ከዕለት ድርሻው ላይ የሚቀነስ ነው፤ ተጨማሪ ከሆነ ውሻው ብልህ ሳይሆን ወፍራም ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያው መጫወቻ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ወረቀቱን ላጥኩ፣ በጋለ ሚስማር ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አወጣሁ፣ ድርቆሹን ሞላሁ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሰጠሁት። ዳማ በአፍንጫው ሁለት ጊዜ ገፋ አደረገው። አልወጣም። ጮኸበት። ዞረው። በመጨረሻ በአፉ አንስቶ አምጥቶ እግሬ ላይ አስቀመጠውና አጠገቤ ተኛ። «እንካ፣ አንተው ክፈተው» ያለኝ ነው የመሰለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊደል ያልቆጠረን ልጅ ዳዊት ድገም እንደማለት ነው። በማግሥቱ ክዳኑን አወጣሁ፤ አንገቱ ላይ የምትቀረውን የፕላስቲክ ቀለበትም ቆረጥኩ፣ ልትዋጥ ትችላለችና። ጎኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ የአውራ ጣት ያህል አሰፋሁት፤ ምግቡን በግማሽ ቀነስኩ። አሁን ሲነካው ወዲያው ሁለት ሦስት ፍሬ ዱብ አለለት። አንዴ ከገባው በኋላ መመልከቱ ራሱ ደስ ይላል። በግራ መዳፉ ይገፋዋል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሃይላንዱ የሚንከባለልበትን አቅጣጫ በጆሮው ይከተላል፣ ፍሬው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ኮሽ ይላል፣ ከኮሽታው ጋር አፍንጫው እኩል ይደርሳል። በአራተኛው ቀን 12 ደቂቃ ሠራበት። 12 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጋር አስተያዩት።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ብልጠት መጣ። የበረንዳው ደረጃ አምስት ነው። ሃይላንዱን በአፉ ነክሶ ላይ ይወጣል፣ ይለቀዋል፣ ሃይላንዱ እየተንጓጓ ሲወርድ ድርቆሹ በየደረጃው ይበተናል፣ እሱ ከኋላ እየለቀመ ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ! መጀመሪያ ማጭበርበር መስሎኝ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን መልሱን ራሱ አገኘው፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቀው? ቀዳዳዋን አጠበብኩ፣ ድርቆሹን ተለቅ አድርጌ ሰበርኩ፤ አሁን በደረጃውም ቢሆን 15 ደቂቃ ይወስድበታል።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ሞከርኩ። ግሌን ጄንሰን የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1963 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦች ምግብ በነፃ አጠገባቸው ተቀምጦላቸው ሳለ ማንሻ እየተጫኑ የሚያገኙትን መርጠው እንደሚሠሩ አሳይቷል። ድመቶች ላይ በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ድመት በነፃ የቀረበላትን እንደምትመርጥ ነው ያገኘው (ድመት ያለው ሰው አይገርመውም)። ዳማስ? ሳህኑንና ሃይላንዱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን፣ አንድ ዓይነት ምግብ። ሁለቱን ቀን መጀመሪያ ሳህኑን ላሰ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን አጋምሶ ትቶ ወደ ሃይላንዱ ሄደ፣ ባዶ አድርጎት ተመልሶ ሳህኑን ጨረሰ። ሥራ ወዳድ ጀግና ነው ብዬ አልዋሽላችሁም፤ ግን አንድም ቀን ሃይላንዱን ሳይነካ አልዋለም።

አራተኛው ሳምንት ላይ የተሳሳትኩትን ልናገር። ኮንግ የሚባለውን ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ ታውቁት ይሆናል። ጆ ማርክሃም የሚባል አሜሪካዊ፣ ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን በመጨረሱ ሲጨነቅ፣ ፎልስዋገን መኪናውን ሲጠግን ያወጣትን የጎማ ክፍል ውሻው አንስቶ ሲያኝክ አየ፤ ሐሳቡ ከዚያ መጣለት፤ ድርጅቱን የመሠረተው በ1976 ነው። እኔም ይህን ሳነብ «ፎልስዋገን ከሆነ ባጃጅ ምን አነሰው?» ብዬ ሰፈራችን ካለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ የባጃጅ ካላማዳሪያ ስንዝር ያህል ቆርጦ ሰጠኝ፤ ብር እንኳ አልተቀበለኝም። አጥቤ፣ አንዱን ጫፍ ቋጥሬ፣ ሩዝና ሳምባ ጠቅጥቄበት ሰጠሁት። 25 ደቂቃ! ሁለት ቀን ራሴን እንደ ፈልሳፊ ቆጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጎማውን ሳነሳው ከጫፉ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቁራጭ የለችም። በስልኬ መብራት ግቢውን አሰስኩ። የለችም። የእንስሳት ሐኪም የሆነው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ «ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም እያማጠ ካልወጣለት ሰዓት ሳታባክን አምጣው፤ ካልሆነ ተከታተለው» አለኝ። ሁለት ቀን በእንጨት ሰገራ ስፈትሽ ከረምኩ። ሐሙስ ጠዋት ወጣች፣ ልክ እንደገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ የውሻ ሰገራ አይቼ «ተመስገን» አልኩ። ለጥርስ ተብሎ የተሠራ ጎማና ለአየር መያዣ የተሠራ ጎማ አንድ አይደሉም። የውጭ ጎማውንም እንዳታስቡት፤ ውስጡ ሽቦ አለው። ሃይላንዱንም ቢሆን መቅደድ ሲጀምር ተቀብሎ በአዲስ መቀየር ነው።

አሁን ወደምወደው ልሂድ፤ ገበጣ። እናቴ ቁም ሣጥን ላይ ዓመታት የተቀመጠ ባለ 12 ጉድጓድ የእንጨት ገበጣ አላት። ሳላስፈቅድ አወረድኩት። ስድስቱ ጉድጓድ ውስጥ ድርቆሽ ጨመርኩ፣ ስድስቱን ባዶ ተውኩ፣ ሁሉንም በካልሲ ኳስ ከደንኩ፤ ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ የምንጠልዘው ዓይነት፣ አነስ ያለ። ዳማ መጀመሪያ ገበጣውን በመዳፉ ገልብጦ ሁሉንም ደፋው። ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አነጠፍኩ፣ መንሸራተቱ ቆመ፤ ጠርዙንም በእጄ ያዝኩለት። በሦስተኛው ሙከራ አንዷን ካልሲ በፊት ጥርሱ ብቻ፣ እንቁላል እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጣት። ባዶ ነበረች። ቀና ብሎ አየኝ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ማንሳት ተወ፤ አፍንጫውን በካልሲዎቹ ላይ አሳልፎ የሞሉትን ስድስት ብቻ ያነሳል።

እናቴ መጣችና ቆማ አየች። «ገበጣዬን ለውሻ?» ዝም አልኩ። «ውሻ የላሰውን ገበጣ ከእንግዲህ ማን ይጫወትበታል? በቃ የእሱ ይሁን» ብላ ገባች። ዳማ በዚህ ዓይነት ንብረት አፈራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጎረቤት ትንሽ ልጅ ገበጣው ላይ እያለ ሊነካው ሲመጣ ዳማ አጉረመረመ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ባለበት አላወጣውም። እየበላ ሲያጉረመርም መቆጣት ሳይሆን ርቀት መስጠት ነው፤ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ሻል ያለ የሳምባ ቁራጭ እየወረወርኩለት ሰው ሲቀርብ ጥሩ ነገር እንደሚመጣ እያለማመድኩት ነው።

ከሁሉም የቀለለውንና እኔ በግሌ አንደኛ የምለውን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ምንም መጫወቻ የለውም። ድርቆሹን ሣር ውስጥ መበተን። የሰው አፍንጫ 6 ሚሊዮን ገደማ የሽታ መቀበያ ሲኖረው የውሻ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል ይባላል፤ ያን ሁሉ አፍንጫ ይዞ ሳህን ላይ ማጎንበስ ብክነት ነው። ዳማ ሣሩን ሲያስስ ትንፋሹ ከበረንዳ ይሰማል፣ ፉት ፉት ፉት። አሥር ደቂቃ ካሰሰ በኋላ ከአንድ ሰዓት ሩጫ የባሰ ደክሞት ዝርግት ብሎ ይተኛል። ችግሩ ሐዋሳ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጦጣዎቹ ከዛፍ ወርደው ቀድመውት ለቀሙ። አሁን በረንዳ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ፎጣ ውስጥ እበትንለታለሁ፤ እየፈታ ይፈልጋል።

ኅዳር 15 ጾም ሲገባ ሌላ ፈተና መጣ፤ እናቴ ሳምባ በድስቷ አይቀቀልም አለች። ትክክል ነች። የዳማ የራሱ አሮጌ ድስት ተገዛና ከሰል ምድጃ ላይ ደጅ እቀቅላለሁ።

ለውጡስ? ጎመኑ ባለፉት አራት ሳምንታት የተቆፈረው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ሃይላንዱ ያልተሞላ ቀን። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ያለው ጩኸት መቀነሱን ሳልጠይቀው ነግሮኛል። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሲያይ ግን እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ለዚያ ሃይላንድ መድኃኒት የለውም። ጫማዬንም ያዳነው መጫወቻው ሳይሆን ቁም ሣጥኑ ነው፤ ቆለፍኩበት። የጠዋት እግር ጉዞም አልቀረም፤ ያስቀረሁ ቀን ገበጣውን ሳይቀር በንዴት ነው የሚገለብጠው።

ቀን ቀን እኔ ስለሌለሁ የ6 ሰዓቱን ሃይላንድ የምትሰጠው እናቴ ነች። መጀመሪያ በመጥረጊያ እየገፋች ነበር የምታቀርብለት። ትናንት ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አምስት ባዶ ሃይላንዶች ታጥበው ተደፍተዋል፤ የጎረቤቶችን ሰብስባ ነው። አንዱን አንስቼ አንገቱን ስዳብስ ከውስጥ ድምጿ መጣ፦ «ቀለበቱን ቆርጬዋለሁ!»