ከአስቶሪያ እስከ ፍሎረንስ፦ በአርቪ ቀስ ብለን የሄድንበት ክረምት

የመጀመሪያውን ጉዞ ያበላሸው የእኔ ችኮላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አርቪ፣ ማለትም መኝታ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለው መኪና ተከራይቼ፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ጭኜ ከሲያትል ስነሳ ያቀድኩት የአሜሪካዋን ግዛት የኦሪገንን የባሕር ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ፣ ካሊፎርኒያ ገብቼ፣ ሬድውድ የሚባሉትን ግዙፍ ዛፎች አሳይቼ በ6 ቀን ለመመለስ ነበር። የኦሪገን ዳርቻ ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። በዳርቻው የሚሄደው ሃይዌይ 101 ግን ገደል ለገደል የሚጠማዘዝ፣ በየትንንሹ ከተማ መሃል የሚያልፍ መንገድ ነው። ሰባት ሜትር ተኩል የሚረዝም መኪና ይዞ በትንሽ የቤት መኪና የለመዱትን ሰዓት መጠበቅ አይሆንም። በየቀኑ ካምፕ የደረስነው ከመሸ ነው፤ በጨለማ በስልክ መብራት ቁጥራችንን እየፈለግን፣ ልጆቹ እያለቀሱ። ስንመለስ ትልቋ ልጄ “አባዬ፣ ባሕሩ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?” አለችኝ። ስድስት ቀን ሙሉ በመስኮት ሲያልፍ ነበር ያየችው።

ባለፈው ነሐሴ እንደገና ስንሄድ እናቴም አብራን ነበረች። ዕቅዱን በግማሽ ቆረጥኩት። ከአስቶሪያ እስከ ፍሎረንስ ብቻ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስምንት ሌሊት፣ አራት ካምፕ። በቀን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ላለመንዳትና ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ለመግባት ለራሴ ቃል ገባሁ። ሰዓቱንና ወሩን በሐበሻ አቆጣጠር፣ ዓመቱን ግን በፈረንጅ ነው የምናገረው።

ለዚህ ዕቅድ መሠረቱ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ነው። የኦሪገን ስቴት ፓርኮች ቦታ ማስያዝ የሚከፍቱት ከ6 ወር በፊት ስለሆነ የነሐሴን ቦታ የያዝነው በየካቲት ነበር። ባሕሩ አጠገብ ያሉት ቦታዎች ፈጥነው ያልቃሉ። ቦታ ስትመርጡ የመኪናችሁን ርዝመት በትክክል አስገቡ፤ እኔ በመጀመሪያው ጉዞ አሳንሼ ጽፌ የመኪናው አፍንጫ መንገድ ላይ ወጥቶ አድሯል።

በዋሽንግተን በኩል ወርደን የኮሎምቢያን ወንዝ በአስቶሪያ ሜግለር ድልድይ ተሻገርን። በ1966 የተከፈተ፣ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ ነው፤ እናቴ እስኪያልቅ ድረስ ከከንፈሯ ጸሎት አልተለየም። ፎርት ስቲቨንስ በሚባለው ፓርክ ሁለት ሌሊት አደርን። እዚያ አሸዋው ላይ በ1906 ማዕበል ያወጣው የፒተር አይርዴል መርከብ የዛገ አጽም እስከ ዛሬ ቆሟል። ከመርከበኞቹ አንድም ሰው አልሞተም ስላት እናቴ አማተበችና ሄዳ ብረቱን ዳሰሰችው።

ከዚያ ካነን ቢች የምትባለው ከተማ። ሄይስታክ ሮክ የሚባለው 72 ሜትር ገደማ የሚቆም ድንጋይ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ብቻውን ተገትሯል። ውኃው ሲሸሽ እግሩ ሥር ድረስ በእግር ይኬዳል፤ ሐምራዊና ብርቱካን ኮከብ ዓሦች ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት ሳታዩ ከሄዱ ግን ይህን ሁሉ አታገኙትም። እኔ ሰዓቱን በየማታው በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፍ ነበር፤ የማግስቱ ጉዟችን የሚታቀደው በእሱ ዙሪያ ነው።

እናቴ አሸዋው ላይ ከመቀመጧ በፊት “ቦታው የማን ነው? አስፈቅደሃል?” አለችኝ። የሁሉም ነው አልኳት። ይህን ታሪክ ለልጆቼም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለምወደው ነው። በ1913 ኦስዋልድ ዌስት የሚባል ገዥ እርጥቡን አሸዋ የሕዝብ መንገድ ብሎ በሕግ አስከበረ። በኋላ ካነን ቢች ውስጥ አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ አጥሮ ለእንግዶቹ ብቻ ሲያደርገው ሕዝቡ ተቆጣ፣ በ1967 ገዥው ቶም ማኮል በፈረመው ሕግ ሣሩ እስከሚጀምርበት ያለው አሸዋ ሁሉ ለሕዝብ ሆነ። ስለዚህ ነው ሀብታም ቤት ፊት ለፊት ነጠላዋን አንጥፋ እናቴ ያለ ስጋት የተቀመጠችው።

የታንኩን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም፣ እኔም የተቀጣሁበትም እሱ ነው። አርቪ ሁለት የቆሻሻ ታንክ አለው፤ አንዱ የሽንት ቤቱን፣ ሌላው የዕቃ ማጠቢያውንና የሻወሩን ውኃ ይይዛል። በመጀመሪያው ጉዞ ካምፑ ላይ የፍሳሽ መስመር ስላለ የሽንት ቤቱን ታንክ መዝጊያ ከፍቼ ተውኩት። ፈሳሹ ወረደ፣ ደረቁ ቀረና ደረቀ፤ መኪናውን ስመልስ ጠርገው ዋጋውን ከእኔ ወሰዱ። አሁን መዝጊያው ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ ታንኩ ከግማሽ በላይ እስኪሞላ አልነካውም። ስደፋ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የሳሙናውን ውኃ እለቃለሁ፤ የሳሙናው ውኃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ጓንት ሳላደርግ አልነካም፣ የመጠጥ ውኃውን ቱቦም ከዚያ ቱቦ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አላስቀምጥም። የሐበሻ ምግብ ለምታበስሉ ደግሞ፦ የሽሮና የወጥ ዘይት ማጠቢያው ውስጥ እንዳይገባ ድስቱንና ሳህኑን በወረቀት ጥረጉና ከዚያ እጠቡ።

ወጥ ቤቱንም መልመድ ያስፈልጋል። ፍልሰታ ስለነበር ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነው የያዝነው፤ እንጀራውን አንድ በአንድ አጥፈን በላስቲክ አሽገን ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርነው። እናቴ መጀመሪያ ቀን ቡናውን ውስጥ ስትቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕፃኑን ቀሰቀሰው። ከዚያ ወዲያ ቡናው የሚቆላው ውጭ ጠረጴዛው ላይ፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው፤ ነፋሱ ጀበናውን እንዳያቀዘቅዘው በመኪናው ጥግ ከልለነው። ከሰል አርቪ ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፣ ለዕጣን እንኳ። በዚያች ጠባብ ክፍል የከሰል ጭስ ተኝተው ያሉትን ይገድላል። ጋዙ ላይ ስታበስሉም መስኮትና ማራገቢያውን ክፈቱ።

ወደ ደቡብ ስንወርድ በኬፕ ሉክአውት ሁለት ሌሊት፣ በኒውፖርት አጠገብ ሳውዝ ቢች አንድ ሌሊት አደርን። የያኪና ቤይ ድልድይ ላይ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ። በ1936 የተሠራ የሚያምር ቅስት ያለው ድልድይ ነው፤ መስመሮቹ ግን ጠባብ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር የደረስነው። በነሐሴ የብሱ ሲሞቅ ቀዝቃዛውን የባሕር አየር ይስበዋል፣ ነፋሱም ከቀትር በኋላ ይበረታል። እንደ ግድግዳ የቆመው መኪናችን ከጎን ሲመታ መሪው በእጄ ውስጥ ሄደ። ፍጥነት ቀንሼ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሳልሰማ ተሻገርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ድልድይ ያለበትን መንገድ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ነው የምጨርሰው።

ሌላው የመኪናው ጅራት ነው። ከኋላ ጎማው ወዲያ ከሁለት ሜትር በላይ አካል አለ፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጅራቱ ወደ ግራ ይወጣል። ነዳጅ ማደያ ላይ ቢጫውን ምሰሶ ጠርጌ ፓራውልቱን አጥፌዋለሁ። አሁን ቀጥ ብዬ ብዙ ወደ ፊት ሳልሄድ አልታጠፍም፣ ወደ ኋላ ስሄድም ባለቤቴ ወርዳ በስፖኪዮ በማያት ቦታ ቆማ ትመራኛለች። ካላየኋት እቆማለሁ፤ የተስማማነው እንዲያ ነው። የመኪናውን ቁመት ደግሞ በትልቁ ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ነዳጁን በአንድ ጋሎን 9 ማይል አስባችሁ በጀት ያዙ።

ስለ ባሕሩ አንድ ነገር፦ ጀርባችሁን አትስጡት። ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት ከሌሎቹ እጅግ ርቆ የሚወጣ ሞገድ አለ፤ ዳርቻው ላይ የተጋደሙትን ግዙፍ ግንዶች ትንሽ ውኃ እንኳ ያንከባልላቸዋል። ልጆቼ ግንድ ላይ እንዳይወጡ ከልክያለሁ። በየካምፑ እንደደረስን ደግሞ የሱናሚ መሸሻ የሚለውን ሰማያዊ ምልክት ተከትለን እስከ ኮረብታው በእግር እንሄዳለን። በጥር 1700 ከዚህ ዳርቻ ማዶ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ደርሷል። ልጆቼ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሮጠው ነው የተማሩት፤ መንገዱን ግን ያውቁታል።

ፍሎረንስ አጠገብ ሃኒማን ፓርክ ሦስት ሌሊት። ከጥዱ ወጥታችሁ በድንገት የአሸዋ ተራራ ነው፤ ከሥሩ ሐይቅ። ከሦስቱ ቀን አንዱን ቀን መኪናውን ጨርሶ አላስነሳነውም። ያ ቀን ነሐሴ 13 ነበር፣ ቡሄ። እናቴ ከሲያትል ስትነሳ ጀምሮ ለዚያ ቀን ዱቄት ለይታ ነበር። የአርቪው ምድጃ ከሥር ያሳርራል፤ በወፍራም ብረት ምጣድ ላይ አድርጋ፣ መሃል ላይ እያዞረች ሙልሙሉን አበሰለችው። ማታ ችቦ አብርተን ማዞሩን አልፈለግሁም፤ ደረቅ ጫካ ውስጥ ነን። የካምፑን አስተናጋጅ ጠየቅኩ፣ በተዘጋጀው የብረት ቀለበት ውስጥ እሳት እንደተፈቀደ ነገሩኝ፤ እንጨቱንም ከእነሱው ገዛሁ፤ ከሩቅ የሚመጣ እንጨት ለዛፎቹ ጠንቅ የሆነ ነፍሳት ይዞ ስለሚመጣ አይፈለግም። ቀጫጭኑን እንጨት እንደ ችቦ አስረን ቀለበቱ ውስጥ አቆምነውና ለኮስነው።

ልጆቹ ዱላ ይዘው ጨፈሩ። አጎራባቹ ካምፕ ያሉ ሽማግሌ ባልና ሚስት ወንበራቸውን ወደኛ አዞሩ፤ እናቴ ሙልሙል በሳህን ልካላቸው ራሳቸው መጡ። ቋንቋ አልተግባቡም፤ እሷ ቡና ደግማ ቀዳችላቸው።

በሚመጣው የካቲት ከፍሎረንስ እስከ ብሩኪንግስ ያለውን ቀሪ መንገድ አስይዛለሁ። እናቴ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ነው፤ ቡሄ የሚውልበት ሌሊት ባሕሩ አጠገብ እንዲሆን።