ሐዋሳን በዩኒቨርሲቲዋ በኩል፦ የአንድ ቀን የመኪና ዙረት

እንግዳ ሲመጣብኝ ሐዋሳን የማሳየው በለመድኩት መንገድ ነበር። ፍቅር ሐይቅ፣ ዓሳ፣ ጀልባ፣ በቃ። አጎቴ ከአዳማ ሲመጡ ግን ይሄ አላዋጣም። ጋሼ በወጣትነታቸው የተማሩት እዚሁ፣ በድሮው እርሻ ኮሌጅ ነው። "ሐይቁንማ ጠግቤዋለሁ፣ እስቲ ትምህርት ቤቴን አሳዪኝ" አሉኝ። ልጃቸውም አብራ መጥታለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትመርጥ ነው። ስለዚህ የቀኑን ጉዞ በሙሉ ዩኒቨርሲቲውን ተከትዬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የማደርገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። እርሻ ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ያኔ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት በ1978 ተከተለ። የዲላው ኮሌጅ ደግሞ በ1996 መጣ። በ2000 ሦስቱ ተጣመሩና ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በ2006 ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዲላም ራሱን ቻለ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። እንግዲህ ታሪኩ ራሱ የተበታተነ ነው፤ በእግር አይዳረስም፣ መኪና ይፈልጋል።

ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ነዳጅ ሞላሁ። ይህቺን ነገር አትናቋት። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ ግማሽ ቀናችሁ እዚያው ያልቃል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ብር መኖሩንም አስቀድሞ ማየት ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ለከተማው አስፋልት ትበቃለች፤ ዝናብ ከዘነበ ግን ወደ ጭቃ መንገድ አላስገባትም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሐይቅ ዳር ያለው ዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበርን። ኮሌጅ እናያለን ተብሎ ለምን ዓሳ ገበያ? ምክንያቱም የዓሳ ገበያው የሚያምረው በማለዳ ብቻ ነው፤ ግቢዎቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት አያስገቡም። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ በፍጥነት ይገፍፉታል። አምባዛው ለብቻው ተጋድሟል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ባለሥልጣን እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ይመስል ቆመው የሆድ ዕቃ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ጋሼ ጥሬ ዓሳ በዳጣ አዘዙ። እኔ ጥሬ አልደፍርም፣ ሾርባ ይሻለኛል። "አንቺ ሐዋሳ ኖረሽ ጥሬ ካልበላሽ ምኑን ኖርሽው?" ብለው ሳቁብኝ። ወፍ ላብላላችሁ፣ ፎቶ ላንሳችሁ የሚል ሰው ሲመጣ ዋጋውን መጀመሪያ ተስማሙ። ከተነሳችሁ በኋላ ዋጋ መከራከር አሰልቺ ነው።

ከዚያ ታቦር ተራራ ላይ ወጣን። ተራራ ይባል እንጂ ኮረብታ ነው፤ ፀሐይ ሳይከር ከተወጣ አያደክምም። ከላይ ሲታይ ሐይቁ በአንድ በኩል፣ ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶች በሌላ በኩል ናቸው። ሐዋሳ የቆየች ከተማ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ ነው የተቆረቆረችው። በፕላን ስለተጀመረች ነው መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉት። የያኔው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቀድሞ ይርጋለም ነበረች። ይህንን ለአጎቴ ልጅ ታች ሆኜ ብነግራት ጆሮ አትሰጠኝም ነበር። ከላይ መንገዶቹን እያየች ስለሰማችው ግን ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ። ለእንግዳ ስለ ከተማ የሚወራ ነገር ካለ ከፍታ ላይ ሆኖ ማውራት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ እርሻ ግቢ ደረስን። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። "እንዲሁ ለማየት ነው" ማለት ብዙ አያስኬድም። እኔ ውስጥ የሚሠራ የማውቀው ሰው ስለነበር ቀድሜ ደውዬለት በር ላይ ጠበቀን። የምታውቁት ከሌለ፣ ከሳምንት በፊት አንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በሰው በሰው ፈልጉ። ዘበኛ ላይ መቆጣት ምንም አይፈይድም፤ ሰውየው ሥራውን ነው የሚሠራው። ቀኑም የሥራ ቀን ይሁን። እሑድ ብትመጡ የምታዩት ዛፍና የተዘጋ በር ነው።

ጋሼ ውስጥ ሲገቡ ዝም አሉ። ከዚያ መናገር ጀመሩና ማን ያስቆማቸው። ማደሪያቸው የት እንደነበር፣ ላሞቹ የት ይታለቡ እንደነበር፣ ዳቦ የሚደበቅበት ቦታ። ግማሹ ሕንፃ ተቀይሯል፤ እሳቸው ግን በዛፎቹ ነው መንገዱን የሚያውቁት። ለዚህ ግቢ አንድ ሰዓት መድቤ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ወሰደ። የድሮ ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሌላውን ዕቅድ ቁረጡለት።

ዋናው ግቢ ላይ ተራው የልጅቷ ሆነ። እኔ ሕንፃ ላሳያት ስሞክር እሷ ካፌ በር ላይ ሁለት ሴት ተማሪዎች አግኝታ ቁጭ አለች። ውሃ ይጠፋል ወይ? ዶርም ስንት ሆናችሁ ነው? ላይብረሪ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? አስጎብኚ የማይነግረውን ሁሉ ሰማች። እኛ ዳር ላይ ሆነን ቡና ጠጣን። ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ እንደዚህ ዞር ቢልላት ጥሩ ነው እላለሁ። ጋሼ አጠገቧ ቢቀመጡ ግማሹን አትጠይቅም ነበር።

ምሳ ላይ ብዙ አልቆየንም። ዓሳ ጠዋት ስለበላን ቡርሳሜ ፈለግን፤ ቆጮ በቅቤ የሚሠራ የሲዳማ ምግብ ነው። ሐይቅ ዳር ምሳ ካዘዛችሁ መስተንግዶው ሊዘገይ ይችላል። ከሰዓት ጉዞ ካለባችሁ መሀል ከተማ ብሉ።

ከሰዓት ወደ ወንዶ ገነት። ከከተማው ስትወጡ ጥቁር ውሃን ትሻገራላችሁ። ወደ ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ብቸኛ ወንዝ እሱ ነው። ከሐይቁ በበኩሉ በምድር ላይ የሚታይ ወንዝ አይወጣም፤ ሆኖም ውሃው ጨዋማ አይደለም። ጋሼ ይህንን እንደ ፈተና ጥያቄ አቀረቡልንና ሁለታችንም ወደቅን። ከዚያ ሻሸመኔ። የአዲስ አበባው፣ የባሌው፣ የሶዶውና የሐዋሳው መንገድ እዚህ ስለሚገናኝ መሀሉ ሁሌም ትርምስ ነው። ባጃጅ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ሴት ሾፌር ሲያዩ ደግሞ የበለጠ ይደፍራሉ፤ እኔ ጥሩምባዬን ይዤ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።

የደን ግቢው ከዙረቱ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከኋላው የተፈጥሮ ደን ያለበት ዳገት አለ፤ ዝግባው፣ ዋንዛው። አየሩ ከሐዋሳ ይለያል። አጠገቡ ፍል ውሃው አለ፤ ንጉሡ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ይወዱት የነበረው ቦታ ነው። ዋና ልብስና ፎጣ መያዝ ነው፣ ሌላ ምክር የለኝም።

ከዚያ የተነሳነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ትንሽ እንቆይ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ማታ በዚያ መንገድ ከብት አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ ሲኖትራክ አለ። ሳይጨልም ጥቁር ውሃን መሻገር የማልደራደርበት ነገር ነው።

ይርጋለምን ሆን ብዬ ተውኩት። እዚያም የዩኒቨርሲቲው የአዋዳ ግቢ አለ፤ ከተማዋም የራስ ደስታ ዳምጠውን የአርበኝነት ዘመን ያየች ናት። ግን በደቡብ በኩል ነው፣ ወንዶ ገነት በሰሜን። ሁለቱን በአንድ ቀን መጠቅለል መኪና ውስጥ መዋል ነው። የድሮዋን ዋና ከተማ ማየት የሚፈልግ አንድ ሌላ ቀን ይስጣት።

ቀን ስትመርጡ ደግሞ ታኅሣሥ 19ን እና ሐምሌ 19ን እዩ። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሕዝብ ስለሚመጣ መሀል ከተማውን በመኪና ማለፍ ከባድ ነው፣ አልጋም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ሲከበርም በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ አካባቢ እንዲሁ ነው። ፊቼ ቋሚ ቀን የለውም፤ ኮከብ ቆጣሪ አባቶች አይተው ነው የሚያሳውቁት። በዓሉን ለማየት ከሆነ በእነዚህ ቀኖች ኑ፤ ግን መኪናውን አቁሙና በእግር ሂዱ።