ያልተጫነው ዛጎል

በመስክ ሥራ አንድ ውርደት አለ። ኪስ ሙሉ ገንዘብ ይዞ መቸገር።

እኔን የገጠመኝ ለቀን ሠራተኞች ክፍያ ይዤ ገጠር የወጣሁ ቀን ነው። ከቢሮ ስነሳ የተሰጠኝ ድፍን መቶ መቶ ብር ብቻ ነበር። እዚያ ደግሞ ዝርዝር የሚገኝበት አንድ ሱቅ ነው ያለው፤ እሱም ዝግ። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ ብሩን በዓይኑ እያየ ባዶ እጁን ገባ። ያን ምሽት ከአውስትራሊያ በስተ ሰሜን ባለው የኒው ጊኒ ደሴት፣ በፓፑዋ ጫካ የተራበው ጃክ ሃይድስ ትዝ አለኝ።

ሃይድስ በፓፑዋ የአውስትራሊያ ቅኝ አስተዳደር የፓትሮል መኮንን ነበር። ሥራው የእግር ሥራ ነው። መንደር ለመንደር እየዞሩ ሕዝብ መቁጠር፣ ጠብ መዳኘት፣ ጥፋተኛ ማሰር። በአጎራባቹ የኒው ጊኒ ግዛት እንዲህ ያለውን ሰው «ኪያፕ» ይሉት ነበር፤ ካፒቴን ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው። ፖሊስም፣ ዳኛም፣ የወህኒ አዛዥም እሱው። አለቃ ከጎኑ የለም። ያው ከራሱ ጋር ይመካከራል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1935 ከባልደረባው ከጂም ኦማሊ ጋር ከጠረፏ ከተማ ከዳሩ ተነሱ። 10 ፖሊሶችና 28 ተሸካሚዎች አብረዋቸው ነበሩ። የስትሪክላንድን ወንዝ ሽቅብ ወጡ። ከዚያ ጀልባው ቀረና እግር ቀጠለ። እንደ ምላጭ የሾለ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው የተሻገሩት። ማዶው ላይ ሰው አይኖርም ተብሎ ሲታሰብ፣ ዙሪያው በቦይ የተከፋፈለ ሰፊ የስኳር ድንች እርሻ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። ሁሊዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ከሰው ፀጉር የተሠራ ዊግ የሚያደርጉ ሕዝብ።

ምግቡ እዚያው ፊት ለፊት አለ። ስኳር ድንቹም፣ አሳማውም። ስንቃቸው ግን እያለቀ ነበር።

ሃይድስ ለመገበያያ የጫነው የብረት መጥረቢያ፣ ቢላ፣ ጨሌና ጨርቅ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ወርቅ ነው፤ አንድ መጥረቢያ ስንት ነገር ይገዛል! ደጋዎቹ ግን የሚፈልጉት ዛጎል ነበር። እኛ ዘንድ አሞሌ ጨው ገንዘብ እንደነበረው፣ ለእነሱም ለጥሎሹና ለደም ካሳው ዛጎል ይቆጠር ነበር። መጥረቢያውን አገላብጠው አይተው መለሱለት። አስተርጓሚ የለ፤ ሁሉም በእጅ ምልክት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ወርቅ ፈላጊዎቹ የሊሂ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1933 ከሁሊዎች በስተ ምሥራቅ ወዳለው ደጋ ገብተው ዛጎል አሳማ እንደሚገዛ አይተዋል። ከጠረፍ በአውሮፕላን እያስመጡ ይገበያዩበት ነበር። ግን ያ የኒው ጊኒ ግዛት ነው፤ አስተዳዳሪው ያለው ራባውል። ሃይድስ ደግሞ የሚታዘዘው ከፓፑዋ ዋና ከተማ ከፖርት ሞርስቢ። ሁለቱም ያው የአውስትራሊያ፣ ሁለቱም አንድ ደሴት ላይ። ከሃይድስ ጭነት ውስጥ ግን ዛጎል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ረሃብ፣ ዝናብ፣ ጥርጣሬ። ገበያው ሲከሽፍ ግጭት መጣ፤ ቀስት በጠመንጃ ተመለሰ። በየሸለቆው የሞቱት የአገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስቶር ውስጥ ለተሠራ ስህተት ዕዳውን የከፈሉት፣ የዕቃውን ዝርዝር አይተው የማያውቁ ሰዎች ሆኑ።

መኮንኖቹ በዚያው ዓመት አጋማሽ ጠረፍ ደረሱ። ሃይድስ ጀግና ተባለ፤ ጥንካሬውን እኔም አልክድም። በኋላ ሥራውን ትቶ ወርቅ ፍለጋ ወደዚያው ወደ ስትሪክላንድ ተመለሰ፤ አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1938 ሲድኒ ውስጥ ሲሞት ገና 31 ዓመቱ ነበር።

የኔዎቹ ሠራተኞች በማግስቱ ተከፈላቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የዕቃ መጠየቂያ ከመሙላቴ በፊት አለቃዬ ጋ አልሄድም፤ ሹፌራችን ጋ ነው የምሄደው። «ጋሼ፣ እዚያ ምን ይገዛል?»

«ዝርዝር ያዝ» ይለኛል። «ባትሪ ድንጋይም አትርሳ።»