15ኛው ዙር

ኦክቶበር 10፣ 2025፦ ሲያትል ዛሬ ማታ እንቅልፍ የላትም! የቤዝቦል ቡድናችን ማሪነርስ ዲትሮይትን 3 ለ 2 አሸንፎ አለፈ፤ ያውም በ15ኛው ዙር። ቤዝቦል በ9 ዙር ያልቃል፣ እኩል ከሆኑ ግን አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። የዲትሮይቱ ወርዋሪ ስኩባል መቺዎቻችንን 13 ጊዜ በስትራይክ (በሦስት ያልተሳካ ሙከራ) ሲመልስብን አለቀልን ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ጨዋታ የሚከፍቱት ወርዋሪዎቻችን ጊልበርትና ካስቲዮ እንኳ በመሃል ተቀይረው ገብተው ወረወሩ፤ እንዲህ ያለ ቡድን እንዴት አይወደድም? ከዚያ ሦስቱም ቤዝ (የሯጮች ማረፊያ) በእኛ ልጆች ሞልቶ ፖላንኮ ኳሷን ወደ ቀኝ መታት፣ ክራውፎርድ ሮጦ ገብቶ የማሸነፊያዋን ነጥብ አስቆጠረ። እልልታዬ ልጄን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፤ አቅፌያት ዘለልኩ። ከሊጉ ክለቦች ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ደርሶ የማያውቅ ብቸኛው የእኛ ነው፤ ዘንድሮ ግን እዚያ ለመድረስ አራት ድል ብቻ ቀረን። እሁድ ከቶሮንቶ ጋር ነን። የሲያትል ሐበሾች፣ ማን ቤት ተሰብስበን እንየው?